እጅ መሪ ላይ፣ ልብ ሌላ ቦታ፦ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሞተረኞች ለምን ይበልጥ ለአደጋ ይጋለጣሉ?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለሁለት ሰከንድ ሐሳባችሁ ከነጎደ 33 ሜትር ያህል አለፈ ማለት ነው። ዓይናችሁ ተከፍቷል። እጃችሁ መሪው ላይ ነው። ግን በነዚያ 33 ሜትሮች ውስጥ የነዳ ሰው የለም።

ይህ አልፎ አልፎ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን በየቀኑ ይደርሳል፣ አንዳንዴም በአንድ ጉዞ ውስጥ ደጋግሞ። ልጅ ሳለ "አርፈህ ተቀመጥ" እየተባለ ያደገ፣ ደብተሩን ጥሎ የሚመጣ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚመልስ ልጅ አድጎ ሞተር ላይ ሲወጣ ስሙ ይለወጣል። ጥጋበኛ ይሉታል። ደንታ ቢስ ይሉታል። "ይሄ ልጅ አንድ ቀን ራሱን ያጠፋል" ይላሉ። እንዲህ ከሚባሉት መካከል ግን የሚታወቅ፣ የሚመረመርና የሚታከም ችግር ያለባቸው አሉ። ኤዲኤችዲ ይባላል። እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው "ቀስ በል" የሚለው ምክር ለነዚህ ሰዎች ብቻውን ምንም እንደማይሠራላቸው ስለማምን ነው። ቀስ ማለት እንዳለባቸው ከማንም በላይ ያውቁታል። እውቀቱ ግን በሚያስፈልግበት ቅጽበት አይደርስላቸውም።

ስሙን እናፍታታው። ኤዲኤችዲ ብዙ ጊዜ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፣ ግን ትንሽ ያሳስታል። ትኩረት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ያው ሰው የሚወደውን ነገር ከያዘ ምግብ ረስቶ፣ ስልክ ሲጠራ ሳይሰማ ሰዓታት ሊቀመጥ ይችላል። የሚቸግረው ትኩረቱን ማዘዝ ነው። አሁን እዚህ ሁን ሲሉት የሚሆን፣ በቃ ተነሣ ሲሉት የሚነሣ ትኩረት የለውም። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ አነጋገር አለው፤ "ልብ በል" እንላለን፣ "ልቡ እዚህ የለም" እንላለን። ሰውየው ልብ አጥቶ ሳይሆን ልቡ አልታዘዝ ብሎት ነው።

ለረጅም ጊዜ የልጆች ችግር ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ከብዙዎች ጋር አብሮ እንደሚያድግ ይታወቃል። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰቡ ግምቶች ከ100 አዋቂዎች 2 ወይም 3 የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ያሳያሉ። ስንፍናም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። አንጎል ሲያድግ በሚፈጠር ልዩነት የሚመጣ ነው፤ በዘር የመተላለፍ ኃይሉም በጣም ትልቅ ነው። ሰው ሲያድግ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ወንበር ላይ መውጣትና መሯሯጥ ይቀርና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጭንቅላት ውስጥ የማያርፍ ሞተር እንዳለ ዓይነት ስሜት፣ መጠበቅ አለመቻል፣ ሰልፍ መጥላት፣ የጀመሩትን አለመጨረስ ይሆናል። ሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ የሚነጉድ ሐሳብ ሆኖ ስለሚታይ ሳይታወቅ ይኖራል።

መርማሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ መመዘኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ምልክቶቹን በሁለት ክፍል ያስቀምጣል፤ 9 የትኩረት፣ 9 የቅብጥብጥነትና የችኩልነት። አዋቂ ከሆናችሁ ቢያንስ ከአንደኛው ክፍል 5 ያስፈልጋሉ። ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ከምልክቶቹ የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው፣ ቢያንስ በሁለት የሕይወት ቦታዎች ላይ (ለምሳሌ ቤትም ሥራም) መታየት አለባቸው፣ ኑሮንም የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ባለፈው ወር የጀመረ መዘንጋት ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው።

እነዚህን ሁለት ክፍሎች ያዙልኝ፤ ሞተሩ ላይ ስንወጣ ለየብቻ ነው የሚሠሩት።

የመንገድ አደጋ የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ሪዝን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአሽከርካሪዎችን ጥፋት በመጠይቅ ሲያጠና፣ ስህተትና ጥሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አሳየ። ስህተት ሳታስቡት የሚሆን ነው። ጥሰት እያወቃችሁ የምታደርጉት ነው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ለሞተረኞች ብቻ የተዘጋጀ ተመሳሳይ መጠይቅ ወጣ። እሱ ደግሞ ነገሩን በ5 ከፈለው፤ መንገዱን በማንበብ ላይ የሚደርስ ስህተት፣ ሞተሩን በመቆጣጠር ላይ የሚደርስ ስህተት፣ የፍጥነት ጥሰት፣ በአንድ ጎማ እንደመንዳት ያለ ትርኢት፣ እና የመከላከያ ልብስ አጠቃቀም።

አሁን ሁለቱን አገናኟቸው። የትኩረት ችግሩ ስህተት ያበዛል። ከተጠማዘዙ በኋላ ፍሬቻ ሳያጠፉ መሄድ። ከጎን መንገድ የወጣውን መኪና ዓይን አይቶት አንጎል ሳይመዘግበው መቅረት። ስፖኪዮ ውስጥ ታይቶ የነበረው አውቶቡስ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከሐሳብ መጥፋት። ማርሽ ስንት ላይ እንዳለ መርሳት። በኤዲኤችዲ ጥናት ውስጥ ደጋግሞ ከሚታዩ ግኝቶች አንዱ እዚህ ጋ ይገባል፤ ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ምላሻቸው ሁልጊዜ ዘገምተኛ አይደለም፣ ወጥ አይደለም እንጂ። ዘጠኝ ጊዜ እንደማንኛውም ሰው ፈጥነው ይመልሳሉ፣ በአሥረኛው ግን በጣም ይዘገያሉ። መኪናው የሚወጣው በአሥረኛው ላይ ከሆነ ያለፉት ዘጠኙ አያድኑም። "እኔ እኮ ሁሌ በጊዜው ነው ፍሬን የምይዘው" የሚል ሞተረኛ እየዋሸ አይደለም። የሚያስታውሰው ዘጠኙን ነው።

ችኩልነቱ ደግሞ ጥሰት ያበዛል። ቢጫ መብራት ሲያይ ጋዝ መጨመር፣ በሁለት መኪና መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት መግባት፣ ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ሰው አደጋን አይፈራም ማለት አይደለም። መጠበቅ ራሱ ለአንጎሉ እንደ ሕመም ነው። ከጭነት መኪና ኋላ አንድ ደቂቃ መቆየት እናንተን ያሰለቻችኋል፣ እሱን ግን ያንገበግበዋል። አሁን የሚገኝ ትንሽ ሽልማት (ማለፍ፣ መገላገል) በኋላ ሊመጣ ከሚችል ትልቅ ጉዳት በላይ ይከብድበታል፤ ወደፊቱ ደብዛዛ ሆኖ ነው የሚታየው። ለዚህ አንጎል ውስጥ ምክንያት አለው። ከግንባር ኋላ ያለው፣ ለማሰብ፣ ለማቀድና ራስን ለመግታት የሚሠራው የአንጎል ክፍል፣ እንዲሁም ሽልማትንና መነሣሣትን የሚመራው የዶፓሚን ሥርዓት በኤዲኤችዲ በተለየ መንገድ ነው የሚሠሩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሞተር ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

"ታዲያ መኪና የሚነዳውስ?" ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚያም አለ። ሞተር ግን ይቅር የማይል መሣሪያ ነው። መኪና ውስጥ ግማሽ ሰከንድ መዘናጋት ብዙ ጊዜ የመኪናውን ቆርቆሮ ነው የሚያስከፍለው፣ ሞተር ላይ ቆርቆሮው የራሳችሁ ገላ ነው። ፍሬኑም ሁለት ነው፤ የፊቱን በእጅ፣ የኋላውን በእግር፣ በትክክለኛው መጠን፣ በድንጋጤ መሃል። በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛው የማቆም ኃይል ከፊት ፍሬን ነው የሚመጣው፣ ያልሠለጠነ ሰው ግን ሲደነግጥ የኋላውን ብቻ ረግጦ ጎማው ይቆልፍበታል። በዚያ ላይ ሞተር ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ጉድጓዱን ትኩር ብላችሁ ካያችሁት ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ። ስለዚህ ሞተር ላይ ትኩረት ራሱ የመሪው አካል ነው ማለት ይቻላል።

ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ከባልደረቦቹ ጋር በቦታው እየተገኘ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ሪፖርት ዛሬም ይጠቀሳል። ሁለት ነገር ልጥቀስ። አንደኛ፣ በተለመደው አደጋ ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ የሚያገኘው ጊዜ 2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች ከ10ሩ 9 የሚሆኑት መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነው። እንግዲህ ይህን 2 ሰከንድ መጀመሪያ ላይ ከተናገርኩት 2 ሰከንድ ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ኤዲኤችዲ ያለበትን ሞተረኛ ብታናግሩት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት እንዲህ የሚል ነው። "ሞተር ላይ ስወጣ ጭንቅላቴ ጸጥ ይላል። ከሌላው ቦታ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ሰው የምሆነው።" ይህን ሰው ማጣጣል አይገባም፣ የሚናገረው እውነት ነው። ሞተር እጅንም እግርንም ዓይንንም ሚዛንንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ ነፋሱ አለ፣ ድምፁ አለ። ለዚያ ዓይነት አንጎል ይህ ሁሉ መልሕቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ ይህን ሐሳብ ይደግፋል፤ ኤዲኤችዲ ያለባቸው 10 ወጣት ወንዶች በማስመሰያ መኪና (መንገድ ላይ ሳይወጡ መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ) ሲፈተኑ፣ በእጅ ማርሽ ሲነዱ ከአውቶማቲኩ የተሻለ ነዱ፣ ትኩረታችንም የተሻለ ነበር አሉ። ሥራ የሚሰጥ መሣሪያ ልብን ይይዛል ማለት ነው።

ወጥመዱ ግን እዚሁ ላይ ነው። አዲስ ነገር አርጅቶ ልማድ ይሆናል። በየቀኑ የምትሄዱበት፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ የምታውቁት መንገድ ላይ ሞተሩ መልሕቅ መሆኑን ያቆማል። እጅና እግር ብቻቸውን ይነዳሉ፣ ልብ ይሄዳል። ያኔ አንጎሉ ያንን ጸጥታ መልሶ ሊያገኝ ይፈልጋል፣ የሚያውቀው አቋራጭ ደግሞ ፍጥነት ነው። በ60 የማይሰበሰብ ሐሳብ በ100 ይሰበሰባል። ሰውየው ልታይ ልታይ ብሎ አይደለም ጋዝ የሚሰጠው፣ ራሱን ለማንቃት ነው። እኔ ይህን ስረዳ ነው "ጥጋብ ነው" የሚለውን ቃል የተውኩት። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆም መጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ሌላም አለ። ኤዲኤችዲ ያለባቸው አዋቂዎች የራሳቸውን የመንዳት ችሎታ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ "ራስህን ጠይቅ፣ በደንብ እየነዳህ ነው?" ማለት ብዙም አይረዳም። አብሮት የሚጓዝ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

አደጋው ምን ያህል ይጨምራል? እዚህ ላይ የተጋነነ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይወራል። ቀደም ሲል ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የኖርዌይ ተመራማሪ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሰዎቹ ምን ያህል ርቀት እንደሚነዱ ጭምር አስልቶ ሲያይ፣ ጭማሪው 23 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትንሽ አይደለም፣ ግን ኤዲኤችዲ ያለበት ሁሉ መንገድ ላይ አይውጣ የሚያሰኝም አይደለም። በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ ከ17,000 በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት ከባድ የትራንስፖርት አደጋ በእነሱ ላይ 45 በመቶ አካባቢ እንደሚጨምር አሳየ። ይህ ጥናት የሚያስደስተኝ በሌላው ግኝቱ ነው። ወንዶቹ መድኃኒት በሚወስዱባቸው ጊዜያት የአደጋው መጠን ካልወሰዱባቸው ጊዜያት በ58 በመቶ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መዝገብ ያየ ጥናትም በተመሳሳይ መንገድ አንድን ሰው ከራሱ ጋር አነጻጸረ፤ መድኃኒት በወሰደባቸው ወራት የመኪና አደጋው በወንዶች 38፣ በሴቶች 42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ትልልቅ ጥናቶች በዋናነት ስለ መኪና ናቸው። ኢራን ውስጥ በሞተረኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የኤዲኤችዲ ምልክት ሲበዛ አደገኛው አነዳድ አብሮ እንደሚበዛ ያሳያሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር መመርመር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የተዘጋጀ 18 ጥያቄ ያለው የአዋቂዎች መጠይቅ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ጥያቄዎች ለማጣሪያ ያገለግላሉ። መጠይቁ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ምክንያት ይሰጣችኋል እንጂ ምርመራ አይደለም። ምክንያቱም ኤዲኤችዲ የሚመስል ብዙ ነገር አለ፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴ፣ ጭንቀት፣ የታይሮይድ ችግር። ከዚህ በፊት የደረሰ የጭንቅላት ጉዳትም እንደዚያው፣ ይህ ደግሞ ሞተረኞች ዘንድ እንግዳ አይደለም። የሌላ ሰው ክኒን ተበድሮ "ልሞክረው" ማለት አደገኛ ነው። የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች ልብንና የደም ግፊትን ስለሚነኩ ክትትል ይፈልጋሉ።

መድኃኒት ከተጀመረም ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በስፋት ከሚታዘዙት አንዱ ሜቲልፌኒዴት ሲሆን አጭሩ ዓይነት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ነው የሚሠራው። ጠዋትና ቀትር የወሰደ ሰው ሲመሽ፣ ድካምና ጨለማ በተደረቡበት፣ መድኃኒቱ አልቆበት ሞተር ላይ ይወጣል። በማስመሰያ መኪና የተደረጉ ሙከራዎችም ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ዓይነት ማታ ላይ የተሻለ መንዳት እንደሚያስችል አሳይተዋል። አዲስ መድኃኒት በጀመራችሁ ወይም መጠኑ በተለወጠ የመጀመሪያ ቀናት ሞተሩን ማቆም ጥሩ ነው። መጠጥማ ይቅር፤ ድሮም የላላውን ፍሬን ጨርሶ ነው የሚያላላው።

ከሕክምናው ጎን ለጎን ደግሞ ጭንቅላት የማይይዘውን ነገር ከጭንቅላት ውጭ ማስቀመጥ ይቻላል። ብዙ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፣ ዛሬውኑ ስለሚጀመር። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ኪስ ውስጥ ከሆነ ሲነዝር ልብን ይዞ ይሄዳል። ቁልፉን ሄልሜቱ ውስጥ አስቀምጡት፣ ያኔ ሄልሜቱን ሳታነሱ መነሣት አትችሉም። ማሰሪያውን ማሰርም አለ፤ ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያጎድለው፣ ያልታሰረ ሄልሜት ደግሞ በመጀመሪያው ግጭት በሮ ይሄዳል። በርካታ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ውሳኔንም ከመንገድ በፊት መወሰን ይቻላል። ቢጫ መብራት ጋ ደርሶ "ልለፍ ወይስ ልቁም" ብሎ የሚያስብ ችኩል አንጎል መልሱ ይታወቃል። ቤት ውስጥ ሆኖ "መቆም የምችል ከሆነ ቢጫ ሁልጊዜ መቆም ነው" ብሎ የጨረሰ ሰው ግን እዚያ ሲደርስ የሚያስበው ነገር የለም። መዘግየት የጥሰት ሁሉ እናት ስለሆነች ደወሉን ለመነሻ ሰዓት እንጂ ለመድረሻ ሰዓት አታድርጉት። ሰልችቷችሁ ልብ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ጋዝ ከመስጠት ይልቅ ሄልሜቱ ውስጥ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ያያችሁትን ተናገሩ፤ "ግራ ላይ የቆመ መኪና፣ በሩ ሊከፈት ይችላል፤ ፊት እግረኛ አለ።" የሙያ አሽከርካሪዎችም የሚሠለጥኑበት ዘዴ ነው፣ አንጎልን ሥራ ይሰጠዋል። ረጅም ጉዞ ላይ ደከመኝ እስክትሉ ሳትጠብቁ በየ45 ደቂቃው ውረዱ። ድንገተኛ ፍሬን መያዝን ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሙት፣ እጅ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ። አቅም ካለ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ምረጡ፣ ጎማው እንዳይቆልፍ እናንተን ተክቶ ይቆጣጠራል።

ለቤተሰብና ለባለቤት አንድ ነገር ልበል። ስድብ አይሠራም። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰደብ ስለኖረ ተጨማሪ ስድብ አዲስ መረጃ አይሆነውም። "አትንዳ" ማለትም ብዙ ጊዜ ተደብቆ መንዳትን ነው የሚያመጣው። ከዚያ ይልቅ ያያችሁትን በቀንና በቦታ ንገሩት፤ "ትናንት ስትመጣ ፍሬቻህ እንደበራ ነበር፣ መገንጠያው ላይም አልቆምክም።" በጉዞ ብዛት የምትከፍሉ አሠሪዎችም፣ ይህ ክፍያ ችኩሉን ይበልጥ እንደሚያስቸኩለው እወቁት።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በልጅነታችሁ የሚያውቃችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ብትሆን ጥሩ፣ ከ12 ዓመት በፊት የነበረውን እናንተ አታስታውሱት ይሆናል። ሞተር እንደምትነዱም ንገሩት፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ሊያልፈው ይችላል። በስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ በስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትመለሱ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደወደቃችሁና ስንት ጊዜ ለጥቂት እንደተረፋችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ። እዚያ ስትደርሱ ትረሱታላችሁና።